የጮምዓ ቢጫ አበቦች

«መቐለ መኖር ትችያለሽ?»

ሀፍቶም ይህን የጠየቀኝ በተመረቅን ማግስት፣ ግቢው በር ላይ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ታክሲ ስንጠብቅ ነው። እኔ ጥያቄ ሲጠየቅ ቶሎ የምመልስ ሰው ነኝ፤ ብዙ ጊዜም ሳላስብ። የዛን ቀን ግን «መጀመሪያ ልየዋ» አልኩት። «እንግዲያው በመስከረም ነይ» አለኝ። «ጮምዓ በሙሉ ገልገለ መስቀል ሲለብስ ነይ።» ጮምዓ ከመቐለ በላይ ያለው ኮረብታ ነው። ገልገለ መስቀል ደግሞ እኛ አደይ አበባ የምንላት።

ከሀፍቶም ጋር ባዮሎጂ አብረን ነው የተማርነው። ጦርነቱ ዓመታት ስለበላበት በዕድሜ ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል። የተዋወቅነው በጭቅጭቅ ነው። አንዴ ለመስክ ልምምድ ወጥተን አንድ ቢጫ አበባ ይዞ «አደይ ናት» ሲል ሰማሁትና «ምን አደይ ናት፣ መጭ ነው እንጂ!» አልኩት። መጭ አደይን የሚመስል ሌላ ቢጫ አበባ ነው። መምህሩ ሄደ፣ ተማሪው ሄደ፣ እኛ እዛው ቆመን ቀረን። እራት አምልጦን ደረቅ ዳቦ በላን። ከዛ በኋላ ባገኘነው መንገድ ሁሉ እሱ አንዴ አይቶ ስም ይሰጣል፣ እኔ ቅጠል ገልብጬ እከራከረዋለሁ። ፍቅራችን ይኸው ነው፤ ሌላ አበባ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው አገሬ ጂማ ተመልሼ ነው። መቐለ ሄዳችሁ ለማታውቁና ምናልባትም ለማትሄዱ ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሐውልቱ ማወቅ የምትፈልጉ ግን ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ አላየሁም።

*ሰኞ*

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ተነስቶ በአፋር በኩል ነበር የሚሄደው። አዋሽን ካለፍን በኋላ ዛፍ የሚባል ነገር ቀረ። ጂማ ላይ መስኮት ስትከፍቱ ቅርንጫፍ ተከትሎ ይገባል፤ እዚህ አቧራ ነው የሚገባው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ገና ሳንተዋወቅ ግማሽ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «እንዲህ ሸፈን ነው» አለችኝ። ከዛ በኋላ እስከ ማደሪያችን ድረስ በአንድ ነጠላ ሁለታችንም ተሸፍነን ሄድን።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፈተና የአበባ መጫኛዬን አወጣ። ሁለት ጣውላ፣ መሃሉ ካርቶንና ጋዜጣ፣ ዙሪያውን በቀበቶ የታሰረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አበባ ማድረቂያ።»

ፈታው፣ ጋዜጣውን ገለጠ። «አበባው የታለ?»

«ገና ነው። ለቅሜ ነው የማመጣው።»

ለጓደኛው በአፋርኛ የሆነ ነገር አለው፣ ሁለቱም ሳቁ። «ባዶ ሳጥን ይዘሽ ይሄን ሁሉ መንገድ?» አለኝና አስረክቦኝ ሄደ። ተሳፋሪው ሁሉ ስቆ ጨረሰብኝ። እኔም ከመሳቅ ይልቅ መናደድ ስለሚቀናኝ እስከ ሎጊያ ድረስ ማንንም አላናገርኩም።

ሎጊያ ያደርነው ግቢ ውስጥ በተዘረጋ አልጋ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ በሙቀት አይቻልም። ጂማ ውጪ ብታድሩ ጠዋት በስብሳችሁ ትነሳላችሁ። ሀፍቶም ደወለ። ከሽረ ነው የሚደውለው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሮት እዛ ነው ያለው፤ እኔ ስደርስ ግን ቀድሞኝ መቐለ ይገኛል ተባብለናል።

«ነገ አትመጣም እንዴ?» አልኩት ድምፁን ስሰማ።

«መኪና አልተመደበልንም። ከነገ ወዲያ። እናቴ ትቀበልሻለች፣ አታስቢ።»

*ማክሰኞ*

ከአብዓላ በኋላ አውቶቡሱ ሽቅብ ይወጣል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ብርድ ይመጣል። ከላይ ደረስንና ድንገት ሁሉም ነገር ድንጋይ ሆነ። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የእርሻው ድንበር ድንጋይ። ጂማ ቤት የሚሠራው ከጭቃና ከእንጨት ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሰውም በየዓመቱ ይለስነዋል። እዚህ አንዴ ሠርተው የጨረሱት ይመስላል።

መነኸሪያው ላይ የሀፍቶም እናት ስልካቸውን ወደ ሰዉ ሁሉ እያዞሩ ቆመዋል። ስልኩ ላይ ያለው የእኔ የምረቃ ፎቶ ነው። ለካ ለወራጁ ሁሉ እያሳዩ «ይህችን ኣይታችኋል?» ሲሉ ነበር። ሳገኛቸው አቅፈውኝ ትከሻዬን በትከሻቸው እየገጩ «እንቋዕ ደሓን መጻእኪ፣ ጓለይ» አሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ነው፤ ጓለይ ደግሞ ልጄ። እኔ እሳቸውን አደይ ንግስቲ እላለሁ፤ እናቴ ንግስቲ እንደማለት ነው፣ ሀፍቶም እንደዛ በያት ብሎኛል።

በባጃጅ ሮማናት አደባባይን ዞረን ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈራቸው ገባን። አደባባዩ ላይ ወጣቱ ካፌ በር ላይ ተደርድሮ ይስቃል። እኔን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ይሄ የሚያስከፋ ነገር አይመስለኝም ነበር።

ቤታቸው ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት ተከራይታ ሻርፕና የልጆች ልብስ ትሸጥበታለች። ሐይቅ ተወልዳ መቐለ ልጆች ወልዳለች። ያየችኝ ጊዜ ጨርቅ የምትለካበትን ሜትር አንገቷ ላይ አድርጋ ብቅ አለችና «ሙሽራዋ መጣች?» አለች።

«ሙሽራ አይደለሁም። ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ይሁና የኔ ዓለም። እኔም ወንድሜን ለማየት ነበር የመጣሁት።»

እራት ስንበላ ተነስቼ ሰሃን ላነሳ ስል አደይ ንግስቲ እጄን ያዙኝ። «ተይ፣ በጃኺ» አሉኝ፤ እባክሽ ማለት ነው። « እንግዳ ነሽ።» ውሃ ልቅዳ ስል «እንግዳ ነሽ»። አልጋዬን ላንጥፍ ስል ተነጥፏል። እሳቸው አማርኛቸው አጭር ነው፣ የእኔ ትግርኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከፍተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ዝም ብለው ፈገግ ይሉብኝ ጀመር። እኔም ፈገግ። ጉንጬ እስኪያመኝ።

*ረቡዕ*

ጾም ስለሆነ ቁርሱ ሕልበት ነበር፤ ከባቄላና ከአብሽ የሚሠራ፣ ተመትቶ አረፋ የመሰለ ነጭ ማባያ ነው። ጂማ ይሄ የለም። ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ። ከዛ «ጮምዓ እሄዳለሁ» አልኩ።

አደይ ንግስቲ ደነገጡ። «ብቻሽን? ሀፍቶም ይመጣል፣ ኣብራችሁ ትወጣላችሁ።»

«አበባው እሱን አይጠብቅም» አልኩና ወጣሁ። ጨዋነት የጎደለው አነጋገር እንደሆነ በሩን ሳልፍ ገባኝ፤ አልተመለስኩም።

ሀፍቶም አልዋሸም። ዳገቱ እስከ ላይ ቢጫ ነው። ከታች ሲያዩት አንድ ጨርቅ የተነጠፈ ይመስላል። ጎንበስ ሲሉ ግን አንድ አይደለም። አደይና መጭ ተቀላቅለው ነው የበቀሉት። አበባውን ብቻ ካያችሁ ትሳሳታላችሁ፤ ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም በጣት የሚቆጠር ሰፋፊ የአበባ ቅጠል ዙሪያቸውን ያላቸው ናቸው። አበባውን ትታችሁ ወደ ታች እዩ። የአደይ ቅጠል ተቆራርጦ ተቆራርጦ እንደ እንስላል ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የመጭ ቅጠል ደግሞ አልተቆረጠም፤ ረዘም ያለ ነው፣ አንገት ሳይኖረው ግንዱን ያቅፋል፣ ስትዳብሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ቅጠሉ ከሌለ አበባውን ገልብጡ። መጭ ከሥሩ አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ጆሮዎች አሉት። የአደይ ቀጫጭን ናቸው፣ በሁለት ረድፍ።

ይህንን ሁሉ ጮክ ብዬ ነበር የማወራው። «አየህ ቅጠሉን?» እያልኩ። ዞር ስል የቁልቋል አጥርና ነፋስ ብቻ ነው ያለው። አንድ ሽማግሌ ቁልቁል ሲወርዱ አገኙኝና ሰላም ብለውኝ አለፉ፤ ከማን ጋር እንደማወራ ሊያዩ አንዴ ዞሩ።

ወደ ቤት ስወርድ መንገድ ዳር ያለ የቁልቋል አጥር ላይ የበሰለ በለስ አየሁና በእጄ ቀጠፍኩ። ጂማ ማንጎ እንዲሁ ነው የሚቀጠፈው። እሾሁ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ አይታይም፤ መዳፌን ሞላው። አደይ ንግስቲ ሲያዩኝ «ወይለይ!» ብለው ሳቁ፣ ከዛ በር ላይ ወደ ብርሃኑ አስቀምጠውኝ መነጽራቸውን አድርገው በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቅሉልኝ ጀመር። እስኪመሽ ድረስ። እጄን እንዲህ ረጅም ሰዓት የያዘልኝ ሰው ከሕፃንነቴ ወዲህ የለም፤ ሆኖም ላለማልቀስ ግድግዳው ላይ ያለውን የሀፍቶምን ፎቶ እያየሁ «የታለህ አንተ?» ስለው ነበር የቆየሁት።

ደወለ። «ነገ» አለኝ።

*ሐሙስ*

አልመጣም።

እንደገና ወጣሁ። በዚህ ቀን በደንብ ነው የሠራሁት። የለቀምኩትን በረንዳ ላይ በሦስት ባልዲ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። አንዱ አደይ፣ አንዱ መጭ። ሦስተኛው ባልዲ «አላውቅም» ነው። አደይ ራሷ ብዙ ዓይነት ናት፤ አንዳንዶቹ ቅጠላቸውም መሃል ቤት ነው። እነዛን የሚለያቸው ፍሬያቸው ነው። ክንፍ ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ፍሬው ደግሞ አበባው ረግፎ እስኪያልቅ አይታይም። መጠበቅ ነው። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ ትክክል ነበርኩ። አንድም አልሳትኩም። እና በሕይወቴ እንደዛ ደክሞኝ አያውቅም። «አይደለም» የሚለኝ ሰው ከሌለ ትክክል መሆን ምን ያደርግልኛል?

ዘይነባ ሱቅ ገብቼ ተቀመጥኩ። «ሀፍቶም ሁሌ እንዲህ ነው?» አልኳት።

«ሥራ ነዋ እናትዬ። በዚህ ጊዜ ሥራ ያገኘ ወንድ ይለቃል እንዴ? በወር አንዴ ይመጣል፣ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል።»

«ስንጋባስ?»

«ስትጋቡማ» አለች ሻርፕ እያጠፈች፣ «አንቺ እዚህ ነሻ። ከእናቱ ጋር።»

ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። እሱ የጠየቀኝ መቐለ መኖር ትችያለሽ ወይ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «አብረን» የሚለውን ከራሴ ጨምሬ ነው የሰማሁት።

*ዓርብ*

የደመራ ዕለት ነው። ጠዋት ከዘይነባ ጋር ሮማናት ድረስ ሄደን ለአደይ ንግስቲ ሻርፕ ገዛሁላቸው። ዘይነባ «ከኔ ሱቅ አትገዢም?» ብላ አኮረፈች፤ «ካንቺ ብገዛማ ያውቁታል» አልኳት። ስንመለስ ገና ከበር ባልዲዎቹን አየሁ። ታጥበው፣ ተደፍተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል።

ሳሎን ገባሁ። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ቄጤማው ላይ ከዳር እስከ ዳር አበቦቼ። ግንድ የለ፣ ቅጠል የለ፤ አበባ አበባው ብቻ ተቀንጥሶ፣ አደዩና መጩና የማላውቀው አንድ ላይ ተበትኗል። አደይ ንግስቲ አዲስ ቀሚስ ለብሰው መሃሉ ላይ ቆመዋል። «ርኢኺ?» አሉኝ፤ አየሽ? ማለታቸው ነው። ፊታቸው ሲያበራ እንደዛ አይቼ አላውቅም።

«ምን አደረጉ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘይነባ ከኋላዬ ደረሰች። «ምን ሆነሽ አንቺ? ሰው ሞተ?»

«አበቦቼን! ለይቼ ነበር እኮ ያስቀመጥኳቸው! ያኛው አደይ፣ ይሄኛው መጭ...»

ወለሉን አየችው። «ሁሉም ቢጫ ነው አቦ» አለችና በትግርኛ ነገረቻቸው።

የአደይ ንግስቲ የፊት ብርሃን ጠፋ። «ለበዓል ያመጣሽው መሰለኝ» አሉ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ። «ዕምባባ ለበዓል ነው። ጎረቤት ጠራሁ፣ ኣሳየሁ። ልጄ ለበዓል ይህን ሁሉ ዕምባባ ከጮምዓ ተሸክማ መጣች ኣልኩ።»

በበዓል ዋዜማ አበባ በባልዲ ሞልታ በረንዳ ላይ የምታቆም ሴት ለምን እንዳቆመችው በዚህ አገር ማን ይጠይቃል? ጂማስ ቢሆን ማን ይጠይቃል? ሻርፑን እጃቸው ላይ አድርጌ «ይቅርታ» አልኩና ቄጤማው ላይ ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ። ለማዳን አይደለም፣ ያለቀለት ነገር ነው። እጄ ሥራ ፈልጎ ነው። እሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አበባ ገልብጬ አረንጓዴውን ጆሮ አሳየኋቸው።

«ይሄስ?» ይላሉ።

«መጭ።»

«ይሄስ?»

«አደይ።»

«ኣይደለም። ይሄ ነው ገልገለ መስቀል» አሉና መጩን አነሱ።

«አይደለም!»

«ነው! ኣንቺ ከጂማ መጥተሽ የእኔን ኣገር ዕምባባ?»

«ጆሮው እኮ አምስት ነው፣ ይቁጠሩት!»

«የጆሮ ዶክተር ነሽ?»

ዘይነባ በሩ ላይ ተደግፋ እየሳቀች ትተረጉማለች። ትርጉሙ ላይ ከራሷም ትጨምራለች፤ ሁለታችንንም ታጋጫለች። ሳቅኩ። ከመጣሁ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር። «እንግዳ ነሽ» ሳይሉኝ የቆዩበትም የመጀመሪያው ሰዓት። አደይ ንግስቲን ወደድኳቸው።

ስልኬ ጮኸ። «ነገ ጠዋት፣ እውነቴን ነው» አለ ሀፍቶም። ስዘጋው አደይ ንግስቲ ፊቴን አዩ። ስልኩ ውስጥ ያለውን ቃል ያለ አስተርጓሚ ያውቁታል።

«ኣባቱም እንዲህ ነበር» አሉኝ። «ሹፌር ነበር። ጽባሕ፣ ጽባሕ ይላል። ነገ፣ ነገ። እኔ እዚህ።» በእጃቸው የተቀመጥንበትን ወለል መታ መታ አደረጉ። ከዛ ሊያጽናኑኝ ጉንጬን ዳበሱኝ። «ትለምጂዋለሽ፣ ጓለይ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ደመራው ሲለኮስ ከሰዉ ጋር ወጥቼ አየሁ። ሕዝቡ ይዘፍናል፣ ልጃገረዶቹ ይጨፍራሉ፣ አንዷ እጄን ይዛ ወደ ክቡ አስገባችኝ። እኔ ግን እሳቱን እያየሁ «ለምጄዋለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር የምሰማው።

*ቅዳሜ*

መስቀል። ሀፍቶም እኩለ ቀን ላይ ከነአቧራው ደረሰ። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አልለቅ አሉ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በጉ ተበላ፣ ሕምባሻው ተቆረሰ፣ ሀፍቶም የሽረን ነገር ሲያወራ ሁሉም ሳቀ። ሰኞ በጠዋት ተመላሽ ነው። የእኔ አውቶቡስ እሑድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጮምዓ ወጣን። ሁለታችንም ሆዳችንን በሥጋ ሞልተን ቀስ እያልን። ስለ ሥራው ነገረኝ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ሰው ይረዳበታል፣ ኮንትራቱም ይራዘምለታል። በየመካከሉ «አየሽ አልዋሸሁሽም፣ ቢጫ ነው» ይለኛል። እኔ «አዎ» እላለሁ።

ከመንገዱ ዳር አንድ አበባ ቀጠፈና ዘረጋልኝ። «እንኪ፣ ገልገለ መስቀል።»

ተቀበልኩት። ቅጠሉ አልተቆረጠም። ግንዱን አቅፏል። ጣቴን ፋቀኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆመ። «አመሰግናለሁ?» አለ።

«ምነው?»

«መጭ ነው እኮ! አውቄ ነው የሰጠሁሽ። እንድትጮሂብኝ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ከታች ከተማው በሙሉ ይታያል። ድንጋይ ቤቶቹ፣ ሮማናት፣ ቀዳማይ ወያነ። የትኛው ጣሪያ የእናቱ እንደሆነ እንኳን ለይቻለሁ። ሀፍቶም ፊቴን ያያል። በሚያሳዝን ሁኔታ ቆንጆ ነው።

«መቐለ መኖር እችላለሁ» አልኩት። ፊቱ በራ። ሳይናገር እጄን አነሳሁ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከእናትህም ጋር እችላለሁ። አንተን እየጠበቅኩ መኖር ግን አልችልም፣ ሀፍቶም። አልለምደውም።»